«ታስረህ ታውቃለህ?» ሲሉን መልሳችን «አዎ» ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ምሽት ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ወንድማችን የመድረሳችን በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ልጆቹ ቁርኣን የሚቀሩት እኛ ዘንድ ስለሆነ ስለ ልጆቹ ሊጠይቅ የመጣ መስሎን ነበር። እሱ ግን ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ዲቪ ደርሶታል፣ ፎርሙ ተሞልቷል፣ ለኤምባሲው ቀጠሮ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ፎርሙን የሞላለት ኢንተርኔት ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። ወንድማችን እንግሊዝኛ ስለማያነብ ምን እንደተጻፈለት አላየም ነበር። በኋላ የጎረቤቱ ልጅ ወረቀቱን አንብቦ አንድ መስመር አሳየው። ጥያቄው በወንጀል ተይዞ ወይም ተፈርዶበት ያውቅ እንደሆነ፣ ይቅርታ ወይም ምሕረት ተደርጎለትም ቢሆን እንዲናገር የሚጠይቅ ነው። መልሱ «የለም» ተብሎ ተሞልቷል።

ወንድማችን በነሐሴ 2 ቀን 2005 በዒድ አል-ፊጥር ዕለት ከታፈሱት አንዱ ነው። ለዒድ በለበሰው ነጭ ጀለቢያ ተወስዶ፣ ያለ ክስ ሦስት ሳምንት ከታጎረ በኋላ፣ ያለ ምንም ወረቀት «ሂድ» ተባለ። ፎርም ሞይውን ሄዶ ሲጠይቀው «አንተ ምን ሰርቀሃል? ክስ የለህ፣ ፍርድ የለህ። አዎ ካልክ አለቀልህ» አለው። ይህን ከሰማ በኋላ ወንድማችን እንቅልፍ አጣ። «ኡስታዝ፣ ምን ልበል?» አለን።

ይህ የእሱ ብቻ ጥያቄ አይደለም። በጥር 2004 በአወሊያ ተጀምሮ ከጁሙዓ ወደ ጁሙዓ በተሸጋገረው ሰላማዊ ንቅናቄያችን ስንቶቻችን ከመስጂድ በር ተለቅመናል! በሐምሌ 2004 በአወሊያና በታላቁ አንዋር መስጂድ የሆነውን የማያስታውስ ማን አለ? የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴያችን አባላትና ሌሎች ወንድሞች በጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። ሐምሌ 27 ቀን 2007 በአሥራ ስምንት ሰዎች ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት የሚደርስ እስራት ተፈረደ። ኋላ ግን በይቅርታ ወጡ፤ ከእነሱም የተወሰኑት የወጡት በየካቲት 2010 ነው። ስማቸው በዜና ያልተነገረው፣ ሁለት ቀን፣ አሥር ቀን፣ ሁለት ወር ታስረው የወጡት እህቶችና ወንድሞች ደግሞ በየሰፈራችን አሉ። ዛሬ ከእነሱ መካከል ዲቪ የደረሳቸው አሉ፤ የትዳር አጋር ይጠራቸዋል፤ የትምህርት ዕድል ያገኛሉ፤ ጥገኝነት ይጠይቃሉ። ሁሉም ፎርም ላይ ያ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ መልሱ «አዎ» ነው። እስሩ ስለሚያኮራን ብቻ አይደለም። እውነት ስለሆነ ነው። ለምን እንዲህ እንደምንል፣ ምን ሊያስከፍል እንደሚችልም ሳንደብቅ እናስረዳለን።

እስሩ የማን ነውር ነው?

ሰው የሚደብቀው የሚያፍርበትን ነው። የታሰርነው ግን የሃይማኖት ነፃነታችንን በሕገ መንግሥቱ መሠረት ስለጠየቅን፣ የመጅሊስ ምርጫችን በመስጂዳችን በነፃነት ይካሄድ ስላልን ነው። ከያዝነው ነጭ ወረቀትና ከድምፃችን በቀር በእጃችን የነበረ ነገር የለም። በዚህ የሚያፍር ካለ ያሰረው ይፈር።

ነቢዩላህ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) እናስታውስ። በሐሰት ተከሰው ዓመታት በወህኒ ቆዩ። ንጉሡ ሲያስጠራቸው «በሩ ተከፈተ» ብለው ሮጠው አልወጡም፤ አስቀድመው የታሰሩበት ጉዳይ እንዲጣራ ጠየቁ። ኋላ በግብፅ ሥልጣን ላይ ሆነው፣ ወላጆቻቸውና ወንድሞቻቸው በተሰበሰቡበት የአላህን ውለታ ሲቆጥሩ፣ መጀመሪያ ያነሱት ከወህኒ መውጣታቸውን ነው። ያ የባለሥልጣን አዳራሽ ነበር፤ ስለ ወህኒ ባይነገር የሚጠይቃቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ወህኒውን ከሕይወታቸው አልፋቁትም።

ወንድሜ፣ «የለም» ብለህ ስትሞላ የምትፍቀው ይህን ነው። ያሰሩን ሰዎች «የታሰረ የለም፣ የተበደለ የለም» ሲሉ ለዓመታት ተቃውመናል። አሁን በገዛ እጃችን፣ በገዛ ፊርማችን «አልታሰርኩም» ስንል ያንኑ ቃል እየደገምንላቸው አይደለምን?

ፎርሙ የሚጠይቀውን በትክክል እንወቅ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከክፋት አይደለም፤ ጥያቄውን ባለመረዳት ነው። «ተይዘህ ታውቃለህ?»፣ «ተከሰህ ታውቃለህ?»፣ «ተፈርዶብህ ያውቃል?» የሚሉት ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ያልተከሰሰ ሰው ለሁለተኛውና ለሦስተኛው በእውነት «የለም» ይላል። ለመጀመሪያው ግን «አዎ» ነው። የአሜሪካ የስደት ቪዛ ፎርም መያዝንም መፈረድንም በአንድነት ይጠይቃል፤ ይቅርታና ምሕረትም ጥያቄውን አያስቀረውም። የዜግነት ፎርሙ ደግሞ በየትኛውም የዓለም ክፍል፣ በየትኛውም ጊዜ የሆነውን ያካትታል። የካናዳም ፎርም መፈረድን ብቻ ሳይሆን መታሰርንም ይጠይቃል።

«ከፌዴራል ፖሊስ አሻራ ሰጥቼ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ ይዣለሁ» የሚሉን አሉ። ማስረጃው መልካም ነው፤ ለስደት ቪዛም ይጠየቃል። ግን ምን ይመሰክራል? በፖሊስ መዝገብ ላይ የወንጀል ሪከርድ አለመገኘቱን ነው። ፎርሙ የጠየቀህ ስለ መዝገቡ ሳይሆን ስለ አንተ ነው። ያለ ክስ ታስሮ የወጣ ሰው መዝገብ ላይ ላይገኝ ይችላል፤ እሱ ግን ያደረበትን ሲሚንቶ ያውቀዋል። እንዲያውም ንፁሕ ማስረጃህና «አዎ» የሚለው መልስህ አብረው ሲቀርቡ «ተይዣለሁ፣ ነገር ግን ወንጀለኛ ተብዬ አላውቅም» የሚል ሙሉ ታሪክ ይሆናሉ።

ሌላም ነገር አለ። መያዝ ብቻውን፣ ያለ ፍርድ፣ ቪዛ የሚያስከለክል ወንጀል ሆኖ አይቆጠርም። የአሜሪካ ሕግ ነውረኛ በሚላቸው ወንጀሎች የሚከለክለውን ሰው ሲዘረዝር እንኳ ንፁሕ የፖለቲካ ጥፋቶችን ለይቶ ያወጣል። በመሠረታዊ ጉዳይ ላይ አውቆ መዋሸት ግን ራሱን የቻለ ክልከላ ነው። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያደረገ ሰው፣ ልዩ ምሕረት ካላገኘ በስተቀር፣ ዕድሜ ልኩን ሊከለከል ይችላል። በካናዳ ቅጣቱ የአምስት ዓመት እገዳ ነው። ዜግነት ያገኘ ሰው እንኳ በውሸት ማግኘቱ ከተረጋገጠ ዜግነቱ በፍርድ ቤት ሊነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ፎርም ሞይው «አዎ ካልክ አለቀልህ» ሲል ነገሩን ገልብጦታል።

ፊርማው የማን እንደሆነም አንርሳ። ፎርም ሞይው ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ይዞራል። በቃለ መጠይቁ ቀን ቀኝ እጅህን አንሥተህ «የሞላሁት እውነት ነው» ብለህ የምትምለው አንተ ነህ።

«ዳሩራ ነው» ለሚሉን

አንዳንድ ወንድሞች የዐማር ኢብኑ ያሲርን (ረ.ዐ.) ታሪክ ያነሡብናል። ልባቸው በኢማን ጸንቶ እያለ በስቃይ ብዛት ሙሽሪኮቹ የፈለጉትን ቃል ተናግረዋል፤ አላህም ዑዝር ሰጥቷቸዋል። እውነት ነው። ከመካከላችንም በምርመራ ክፍል ተደብድቦ ያላደረገውን «አድርጌያለሁ» ብሎ የፈረመ አለ። ያ ወንድም ልቡ ይረፍ፤ ወንጀሉ የደብዳቢው ነው።

ነፍሱን ለማዳን ሲሸሽ በሰው ፓስፖርት ድንበር የተሻገረ ሰውም ጉዳይ ሌላ ነው። የ1951ዱ የጄኔቫ የስደተኞች ስምምነት እንኳ ከአደጋ ሸሽቶ ሕገ ወጥ በሆነ መንገድ የገባ ስደተኛ፣ ሳይዘገይ ራሱን ካሳወቀ በመግባቱ እንዳይቀጣ ይደነግጋል። ኡለማዎቻችንም ዳሩራን የሚመዝኑት በልኩ ነው።

እኛ የምናወራው ግን ጅራፍ ስለሌለበት ቦታ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ሻይ ይዘን፣ የተሻለ ኑሮ ለማግኘት ስለምንሞላው ፎርም። የተሻለ ኑሮ መፈለግ ሐላል ነው፤ ማንም አይከለክልህም። ግን ዳሩራ አይባልም። ቪዛ ደግሞ ዐህድ ነው። «እንዲህ ነኝ» ብለህ ትነግራቸዋለህ፤ እነሱም በነገርካቸው መሠረት ያስገቡሃል። ቃልን ስለ መሙላት ሱረቱል ማኢዳ ከመጀመሪያዋ አንቀጽ ጀምራ የምታዘን እኛን ነው፤ ከሙስሊም ጋር ብቻ ለተገባ ቃልም አላለችም።

እውነት ዋጋ አላት

አሁን ወደዚያ ወንድማችን እንመለስ። ያን ሌሊት አብረን አመሸን። «እውነቱን ተናገር» አልነው፤ ስንለው ግን ልባችን ይርበደበድ ነበር። ኤምባሲው ደጃፍ የሚቆመው እሱ እንጂ እኛ አልነበርንም፤ ምክር ለሰጪው ቀላል ናት።

በቀጠሮው ቀን ገና ስለ እስር ሳይጠየቅ፣ «ከፎርሙ አንድ መልስ ስሕተት ነው፤ በ2005 ለሦስት ሳምንት ታስሬ ነበር» አለ። ቆንስላው አዳመጠው፣ ጠየቀው፣ ጻፈ። ከዚያ «ጉዳይህ ተጨማሪ ማጣራት ያስፈልገዋል» የሚል ወረቀት ሰጠው። የዲቪ ዓመት መስከረም 20 ቀን እንደሚዘጋ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከዚያች ቀን ወዲያ ቪዛ አይሰጥም፤ «ገና እየተጣራ ነው» የሚባል ሰበብም አይሠራም። ወንድማችን ክረምቱን ሙሉ ጠበቀ። ቀኑ አለፈ። ዕድሉም አብሮት አለፈ።

ይህን ከናንተ አንደብቅም። ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ታስሮ የነበረ፣ «የለም» ብሎ የሞላ ሌላ ወንድም ግን ከዚያ በፊት በዲቪ ገብቶ በአሜሪካ ይኖራል። እንግዲህ ማን ተጠቀመ?

ከከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ታሪክ የምንማረው እዚህ ላይ ነው። ከተቡክ ዘመቻ የቀሩት ሰማንያ ያህል ሰዎች ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምክንያት እየደረደሩ ማሉ፤ ላይ ላዩን ተቀበሏቸው፣ ወደ ቤታቸውም በሰላም ገቡ። ከዕብ የተዋጣለት ተናጋሪ ስለነበሩ ምክንያት አይቸግራቸውም ነበር። ግን እውነቱን ተናገሩ፤ አምሳ ሌሊት ሰው ሳያናግራቸው፣ ምድር እየጠበበቻቸው ኖሩ። ያን ሰሞን መዲና ውስጥ ለሚያይ ሰው የተጠቀሙት ዋሾዎቹ ነበሩ። ፍጻሜውን ግን ሁላችንም በሱረቱ ተውባ እናነባለን። ከዕብ ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ አላህ ያዳነኝ በእውነት ነው ይሉ ነበር።

አሜሪካ ያለው ወንድማችን ባለፈው ዓመት ደወለልን። ለዜግነት ሊያመለክት ፎርሙን ከፍቶ ያ ጥያቄ እንደገና ፊቱ ተደቅኗል። «አዎ» ካለ የመጀመሪያው ውሸት ይወጣል፤ «የለም» ካለ በውሸት ላይ ውሸት ይጨምራል። እጅግ የከበደን ግን ሌላ ቃሉ ነው። «ኡስታዝ፣ እዚህ መስጂዳችን ውስጥ የታሰሩ ወንድሞች ታሪክ የተነገረበት ፕሮግራም ነበር። እኔም የኋላ ሰልፍ ላይ ተቀምጬ እየሰማሁ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ልጆቼ እንኳ አባታቸው ለዲኑ ታስሮ እንደነበር አያውቁም» አለን። የኢሚግሬሽን ጠበቃ እንዲያማክር፣ ከዚያ በፊት ምንም እንዳያስገባ መከርነው። በራስ ፈቃድ፣ ሳይጋለጡ ቀድሞ ማረም ተይዞ ከመጋለጥ ይሻላል። ግን ሁሉም ቀን በገፋ ቁጥር መንገዱ ይጠባል።

እዚህ የቀረው ወንድማችን ዛሬም መርካቶ ልብስ ይሸጣል። «አይቆጭህም?» ብለን ጠይቀነው ነበር። «ይቆጨኛል እንጂ! ኪራይ ስከፍል በየወሩ ይቆጨኛል» አለ። «ግን ሱጁድ ላይ አይከብደኝም» አለ። እኛ ከዚህ የበለጠ ተፍሲር የለንም።

አንድ ገበያ፣ ሁለት ውሸት

የዚህን ነገር ሌላ ገጽ ካልተናገርን ሐቅ አልተናገርንም። ለታሰረው «አልታሰርኩም በል» የሚለው ደላላ፣ ላልታሰረው ደግሞ «ታስሬያለሁ በል» ይለዋል። ጥገኝነት ለመጠየቅ የእስረኞቻችንን ታሪክ ቀድቶ፣ ያልገባበትን ማዕከላዊ፣ ያላየውን ቂሊንጦ፣ ያልተደበደበውን ድብደባ የራሱ አድርጎ የሚያቀርብ ተፈጥሯል። አንዳንዱም ወደ ኢማሞችና ወደኛ መምህራን መጥቶ «ይህ ሰው በንቅናቄው ታስሮ ነበር ብላችሁ ጻፉልኝ» ይላል።

ይህ ስርቆት ነው። የሚሰረቀውም የሰው ገንዘብ ሳይሆን የእስረኛ ስቃይ ነው። ውጤቱም የሚደርሰው በእውነተኞቹ ላይ ነው፤ አሥር የተቀዳ ታሪክ የሰማ መርማሪ አሥራ አንደኛውን፣ እውነተኛውን፣ አያምንም። የሐሰት ምስክርነትን የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ከታላላቅ ወንጀሎች ቆጥረውታል፤ ተደግፈው የነበሩት ቀና ብለው ተቀምጠው ደጋግመው ያስጠነቀቁበት ነው። እኛ መምህራን ለማናውቀው እስር አንጽፍም። ለምናውቀው ደግሞ ማንም ሳይለምነን እንጽፋለን፤ ምስክርነትን መደበቅም እንደዚያው ወንጀል ነውና።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

«እውነቱን ተናገር» ብሎ ሰውን ብቻውን መላክ በቂ እንዳልሆነ ከዚያ ወንድማችን ተምረናል። እሱ ኤምባሲ የሄደው ባዶ እጁን ነበር፤ ቀድመን ብናስብበት ኖሮ ምናልባት ማጣራቱ ያጥር ነበር። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ፎርምህን ራስህ እወቀው። እንግሊዝኛ ካላነበብክ የምታምነው ሰው፣ የጀመዓህ ተማሪ፣ ቃል በቃል ይተርጉምልህ። መልሱን ተናግረህ አስሞላ፤ ከመላኩ በፊትም መልሰህ አስነብብ። ቅጂውንም ያዝ። ስሕተት ካየህ ሳትጠየቅ፣ ሳይዘገይ አርም።

ሁለተኛ፣ ስለ እስርህ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅ፦ መቼ፣ የት፣ ማን ያዘህ፣ ስንት ቀን ቆየህ፣ ተከሰስክ ወይስ አልተከሰስክም፣ እንዴት ወጣህ። ቀኑን በኛም በእነሱም አቆጣጠር አስላ። ብዙ እውነተኛ ሰው የሚጠረጠረው ነሐሴ 2005ን ኦገስት 2005 ብሎ ስለሚጽፍ ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ኦገስት 2013 ነው። የማታስታውሰውን «አላስታውስም» በል፤ አትሙላበት። የመጀመሪያው ቃልህ፣ የመጨረሻው ቃልህ አንድ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ያለህ ክሱን፣ ውሳኔውንና የተፈታህበትን ማስረጃ አውጥተህ በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጉም። በጸረ ሽብር አዋጁ የተከሰሳችሁና የተፈረደባችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ያለ ጠበቃ ፎርም አትንኩ። «ሽብር» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ብቻውን ሲታይ ከባድ ነው፤ በእነሱ ሕግም ራሱን የቻለ ጥብቅ መመዘኛ አለው። መደበቁ ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ጉዳዩ ዓለም የዘገበው ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዓመታዊ የሃይማኖት ነፃነት ሪፖርት፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ሂዩማን ራይትስ ዎች የሙስሊሙን እስር በየጊዜው ጽፈውታል። እነዚህ ለአንተ መደገፊያ ናቸው፤ ከማመልከቻህ ጋር አያይዛቸው።

አራተኛ፣ በየመስጂዱ ሁለት ወይም ሦስት ታማኝ ሰዎች ይመረጡ። በየሰፈሩ የታሰሩትን፣ ቀኑንና ቦታውን፣ አብሯቸው የታሰረ ምስክርን በፈቃዳቸው ይመዝግቡ፤ መዝገቡም አማና ሆኖ ይጠበቅ። እስካሁን ይህን ባለማድረጋችን ጥፋቱ የኛ ነው። ውጭ ያሉ ጀመዓዎቻችንም ለታማኝ የኢሚግሬሽን ጠበቃ የሚከፈል ገንዘብ ከሰደቃቸው ይመድቡ፤ ወንድሞቻችን በደላላ እጅ የሚወድቁት ጠበቃ ስለማይችሉ ነው።

አምስተኛ፣ ይህኛው ለመንግሥት የምናቀርበው ጥያቄ ነው። ያለ ክስ ያሰራችኋቸውን ሰዎች ያለ ወረቀት ለቃችኋቸዋል። ዛሬ እውነቱን መናገር ሲፈልጉ የሚያሳዩት ማስረጃ የላቸውም። መቼ እንደተያዙ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆዩ፣ ክስ እንዳልቀረበባቸው የሚገልጽ ወረቀት ይሰጣቸው። የምንጠይቀው ሐቃችንን ነው። መጅሊሳችንም ይህን ጥያቄ የራሱ አድርጎ ያቅርብልን።

የነጃሺ አዳራሽ

በመጨረሻ አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞች የመጡት ወደ ሌላ አገር አይደለም፤ ወደኛው አገር ነው። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስን ስጦታ አስይዘው ላኩ፤ ሙሃጂሮቹም በነጃሺ ፊት ለጥያቄ ቀረቡ። ጀዕፈር (ረ.ዐ.) ሲናገሩ ያለፈውን አላሳመሩም፤ ጣዖት አምላኪዎች ነበርን፣ ደካማውን እንበድል ነበር ብለው ጀመሩ። በማግስቱ ዐምር ወጥመዱን አጠመደ፤ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ምን ትላላችሁ ተብለው ተጠሩ። እናታችን ኡሙ ሰለማ እንደተረኩልን ከዚያ የከበደ ነገር አልገጠማቸውም ነበር። ተመካከሩ። የመጣው ይምጣ፣ አላህ ያለውን፣ ነቢያችን ያመጡልንን እንናገራለን ብለው ቆረጡ። ተናገሩም። ነጃሺም በአገሬ በሰላም ኑሩ አሏቸው።

ሁሉም ቆንስላ ነጃሺ አይደለም፤ ይህን ያ ወንድማችን ያውቀዋል። ሙሃጂሮቹም ግን ያን ሌሊት ሲመክሩ ነጃሺ ምን እንደሚል አላወቁም ነበር። ያወቁት ራሳቸው ምን እንደሚሉ ብቻ ነው። ከኛም የሚጠበቀው ይኸው ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ «ታስረህ ታውቃለህ? ታስረሽ ታውቂያለሽ?» ሲባል፣ ወረቀትህን አሰናድተህ፣ ወረቀትሽን አሰናድተሽ፣ ምስክር ይዛችሁ፣ ጀመዓችሁ ከኋላችሁ ቆሞ፣ አንገት ሳትደፉ «አዎ» በሉ። ከዚያም ለምን እንደታሰራችሁ ንገሯቸው።

አላህ ከእውነተኞች ጋር ያድርገን፤ የታሰሩትን ያስፈታ፤ የተሰደዱትን በሰላም ያኑር። አሚን።

ድምፃችን ይሰማ!

አላሁ አክበር!